የባለልደቱ ራት፤ በአዲስ አበባ ወዳጆች መካከል ስለሚደረገው የልደት ግብዣ

በአዲስ አበባ ከተማ ተምረው በሥራ ላይ በሚገኙ ወጣቶችና ጎልማሶች መካከል፥ የወዳጅን የልደት ቀን በምግብ ቤት ራት በመብላትና ከራቱም በኋላ አምሽቶ በመጫወት ማክበር የተለመደ ነገር ሆኗል። ባልንጀሮቹ አስቀድመው ተነጋግረው መልካም ስም ያለው ቤት ይመርጣሉ፤ ከዘወትሩ የተሻለ ልብስ ይለብሳሉ፤ በአንድ ረዥም ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ኬክ ይቈረሳል፤ ከዚያም ወደ አዝማሪ ቤት ወይም ወደ ዳንስ ቤት ያልፋሉ። ይህን ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ሳይለወጥ እንዳለ የተተከለ ይመስለዋል። ነገር ግን ገበታው ከፍ ብሎ ሒሳብ በሚቀርብበት ሰዓት የሚታየው ክርክርና እጅ መያያዝ፥ የጥንቱ የድግስ ሥርዓት ሳይጠራ መጥቶ ከእንግዶቹ ጋር መቀመጡን ይገልጣል። የክርክሩም ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም ባለልደቱ ጋባዥ ነው ወይስ ተጋባዥ የሚል ነው።

በአማርኛ «ልደት» የተባለው ቃል ለብዙ ዘመን የተራ ሰው አልነበረም። ልደት ሲባል በታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም በ28 ቀን የሚውለው የጌታ ልደት ነው። ልደታ ሲባል ደግሞ ግንቦት 1 ቀን የሚከበረው የእመቤታችን ልደት ነው። በግንቦት ልደታ የአንድ መንደር ሰዎች ንፍሮ ቀቅለው፥ ዳቦ ጋግረው፥ ጠላና ቡናም ይዘው በዛፍ ሥር ወይም በመንገድ ዳር ይሰበሰባሉ። እመቤታችን የተወለደችው ወላጆቿ ከቤታቸው ወጥተው በሊባኖስ ተራራ ሳሉ ነው ስለሚባል በዓሉ በደጅ ይከበራል፤ በብዙ ስፍራም የቀረበውን እዚያው በልቶ መጨረስ እንጂ ወደ ቤት መመለስ አይወደድም። ሁሉም ከየቤቱ ያመጣል፤ ሁሉም ከመጣው ይበላል፤ ጋባዥ ተብሎ የሚታወቅ አንድ ሰው የለም። እንግዲህ ከቤት ወጥቶና በጋራ አዋጥቶ ልደትን ማክበር ለአገሩ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ልደቱ የባልንጀራ ልደት መሆኑ ነው።

ተራው ሰው የተወለደበት ቀን ጨርሶ ይረሳ ነበር ማለት አይደለም። እናት ልጇን የወለደችበትን ቀን በወሩ በዓል ታስታውሰዋለች፤ በሚካኤል ዕለት፥ በማርያም ማግሥት፥ በጊዮርጊስ ዋዜማ እያለች ትናገራለች። ወንዱ በዐርባ ቀኑ፥ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሲነሡ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል። ዓመቱ ግን የሚቈጠረው በታላላቅ ነገሮች ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በገባበት ጊዜ፥ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን በገባበት ጊዜ እየተባለ ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየው ስንት ዓመት እንደ ሆነው ሲጠየቅ ቍጥር ሳይሆን ታሪክ ይመልስ ነበር። በየዓመቱም ቀን ተቈጥሮ በስሙ የሚደገስለት ከሞተ በኋላ ነው። ሣልስቱ፥ ሰባቱ፥ ዐርባው፥ ሰማንያው፥ ሙት ዓመቱ በጥንቃቄ ይያዛሉ፤ የተወለደበትን ዕለት ያልያዘ ቤተ ዘመድ ያረፈበትን ዕለት አይስትም። የልደት ግብዣ ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጠቍሩ ሽማግሌዎች ያሉትም ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ በቁሙ ላለ ሰው ዓመት ቈጥሮ መደገስ ለጆሯቸው ይከብዳል።

የሰው ልደት በአደባባይ ሲከበር ሕዝቡ በሰፊው ያየው በቤተ መንግሥት ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የተወለዱት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት የመንግሥት በዓል ሆኖ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው እስከ ወረዱበት ጊዜ ድረስ በየዓመቱ ይከበር ነበር፤ የሰማንያኛው ዓመት በዓል በሐምሌ 1964 ዓ.ም. በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተከብሯል። ከዚህ ሌላ ትምህርት ቤቱና መሥሪያ ቤቱ የልደት ቀን በቅጽ ላይ እንዲጻፍ መጠየቃቸው ብዙ ሰው ቀን እንዲኖረው አስገደደው። ያላወቀው ገምቶ ጻፈ፤ አንዳንዱም ደስ ያለውን በዓል መርጦ ጻፈ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ቢደነግግም በሥራ ላይ ሳይውል ቈይቶ፥ አዋጅ ቍጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዛሬው የልደት ገበታ ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል እናቱ የምታውቀው ቀንና መታወቂያው ላይ ያለው ቀን የማይገጥሙለት ሰው የማይጠፋው ስለዚህ ነው።

በከተማ ቤቶች የልጆች ልደት ሥርዓቱን አበጅቷል። እናት ድፎ ዳቦ ትጋግራለች፤ ከጎኑ ከኬክ ቤት የመጣ ኬክ ይቀመጣል፤ ፈንዲሻ ይበተናል፤ ቡና ይፈላል። ዳቦውን ታላቅ ሰው መርቆ ይቈርሰዋል፤ ኬኩን ግን ሻማውን እፍ ብሎ ካጠፋ በኋላ ሕፃኑ ራሱ ይቈርሰዋል። ሁለቱ ኅብስት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሥርዓት ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዳቦው የሽማግሌ ነው፥ ኬኩ የልጅ ነው። በዚህ ጊዜ ስለ ወጪ የሚነሣ ነገር የለም፤ ደጋሾቹ አባትና እናት ናቸው። ነገሩ የሚከብደው ልጁ አድጎ ከቤት ሲወጣና ልደቱን የሚያስብለት ጓደኛው በሆነ ጊዜ ነው። ጓደኞቹ በወላጅ ቦታ ገብተው ይደግሱለታልን? ወይስ እርሱ ራሱ አባወራ ሆኖ ይደግሳልን?

በጥንቱ ሥርዓት መልሱ ግልጽ ነው። ደስታ ያገኘ ሰው ያበላል። ልጁን የዳረ፥ ክርስትና ያስነሣ፥ የተሾመ፥ ከመንገድ በደኅና የገባ፥ ስለት የደረሰለት፥ ሁሉም ይደግሳል፤ ዘመድና ጎረቤት መጥቶ ይበላል፥ ይመርቃል። እንግዳው ባዶ እጁን ላይመጣ ይችላል፤ ነገር ግን ያመጣው ነገር የድግሱ ዋጋ ተብሎ አይታሰብም። የሚበላን ነገር በገንዘብ መለወጥ ራሱ በክብር ሰው ዘንድ ነውር ነበረ። መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ ሲቆም ያድራል፥ ይበላል፤ ሲነጋ የሚከፍለው ምርቃቱን ነው። እቴጌ ጣይቱ በአራዳ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ ከፍሎ የሚበላ ሰው በመጥፋቱ፥ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ በልተው ዋጋውን በመክፈል ልማዱን አስተማሩ እየተባለ በቃል ይተረካል። በዚህ ትረካ ውስጥ መታየት ያለበት መኳንንቱ መጀመሪያ የተማሩት የራሳቸውን ሒሳብ መክፈልን አለመሆኑ ነው። የተማሩት ታላቁ ሰው ለሁሉም ሲከፍል ማየትን ነው። ይህ ትምህርት እስከ ዛሬ አልተረሳም፤ በአንድ ገበታ ላይ በዕድሜ ወይም በሹመት የበለጠ ሰው ካለ፥ ሳይነገር ዐይን ሁሉ ወደ እርሱ ያዘነብላል።

በሌላ በኩል የጽዋ ማኅበር አለ። የማኅበሩ አባሎች በአንድ ቅዱስ ስም ተሰብስበው በየወሩ በተራ ይደግሳሉ፤ በሚካኤል ከሆነ ወር በገባ በ12፥ በማርያም ከሆነ በ21፥ በመድኃኔ ዓለም ከሆነ በ27 ነው። ሙሴ የሚባለው አለቃቸው ሥርዓቱን ያስጠብቃል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ዳቦውና ጠላው ይቀርባል። ለባለተራው ወጪው ከባድ ቢሆን እንኳ ተራው ሲዞር በሌሎቹ ቤት ይበላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ግን ልክ መኖሩ ነው፤ በብዙ ማኅበራት ምን ያህል ዳቦና ምን ያህል ጠላ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ይታወቃል፥ ባለጠጋው አብዝቶ ድኻውን እንዳያሳፍር ይከለከላል። የልደት ራት ከማኅበሩ ተራን ወርሷል፤ ልኩን ግን አልወረሰም። ችግሩም ከዚህ ይመጣል።

አሁን ወደ ምሽቱ ሥርዓት መመለስ ይገባል።

መጀመሪያ የሚመረጠው ቀን ነው። ልደቱ በሥራ ቀን ቢውል ወደ ዐርብ ወይም ወደ ቅዳሜ ማታ ይዘዋወራል፤ ነገር ግን ዐርብ እንደ ረቡዕ ሁሉ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ጾም ስለሆነ ቅዳሜ ይመረጣል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች ውስጥ የተወለደ ሰው ዕድለ ቢስ ነው ይባላል፤ ልደቱ ወይ እስከ ፋሲካ ይቈያል፥ ወይ በጾም ምግብና ያለ ወተት፥ ያለ ቅቤና ያለ እንቍላል በተሠራ የጾም ኬክ ይታለፋል። ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደም ሰው አለ፤ ለእርሱ ቀኑ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስለሚመጣ ወዳጆቹ በጳጉሜን 5 ወይም በአዲስ ዓመት ያከብሩለታል። ግብዣው ለባለልደቱ ሳይነገር የሚደረግም ከሆነ፥ «ሰርፕራይዝ» በሚባለው ዘዴ፥ ምክሩ ሁሉ እርሱ በሌለበት የቴሌግራም ስብስብ ውስጥ ያልቃል፤ ከገንዘብ ያዡም ዘንድ መዋጮው በቴሌብር ይሰበሰባል።

ቀጥሎ ቤቱ ይመረጣል። የባህል ምግብ ቤት ከሆነ መሶብ፥ ጠጅ በብርሌ፥ ከመድረክ ላይም የየብሔረሰቡ ዘፈንና እስክስታ አለ። ክትፎ ቤት ከሆነ ክትፎው ከአይብና ከጎመን ጋር፥ ከቆጮም ጋር ይቀርባል። ሥጋ ቤት ከሆነ ቍርጡ በአዋዜና በሚጥሚጣ ይበላል። ፒያሳና ቦሌ ባሉት የፈረንጅ ምግብ ቤቶች ደግሞ ሁሉም የየራሱን ሳሕን ያዝዛል። ይህ ምርጫ የአፍ ጣዕም ብቻ አይደለም። በአንድ ትሪ ከተበላ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም፥ ስለዚህም ሒሳቡን መለያየት አይቻልም። በየሳሕኑ ከተበላ ግን የእያንዳንዱ ዋጋ በደረሰኙ ላይ ተለይቶ ይወጣል። አንድ ትሪ የመረጡ ጓደኞች ራቱ ሳይጀመር ስለ አከፋፈሉ ግማሹን ወስነዋል ማለት ነው።

ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበታ ሲገኙም ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱም በየሃይማኖታቸው የታረደውን ሥጋ እንጂ የሌላውን ስለማይበሉ፥ አስተዋይ የሆነ ግብዣ አዘጋጅ ዓሣ ወይም የጾም በያይነቱ ያዝዛል፤ በጾም ምግብ ላይ ሁሉም እጁን ይዘረጋል። የጾም ወቅት ሳይሆን የጾም ምግብ በልደት ገበታ ላይ ሲታይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ወዳጅነት ነው። ልደትን ማክበር ሃይማኖታቸው አይፈቅድም የሚሉ ሙስሊሞችም ስላሉ፥ እነዚህ ከራቱ ላይ ተገኝተው ሻማ ሲበራ ወደ ውጭ ወጣ ይላሉ ወይም ቀደም ብለው ይሰናበታሉ፤ ጓደኞቻቸውም ይህን አውቀው አይጎተጉቷቸውም።

ገበታው ከቀረበ በኋላ መጀመሪያ የሚጎርሰው ባለልደቱ ነው። እያንዳንዱ ወዳጅ እጁን አጥፎና ጠቅልሎ ያጎርሰዋል፤ «በሞቴ»፥ «አፈር ስሆን» እያለ ይለምነዋል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ሁለተኛው ይከተላል። ዐሥር ወዳጅ ያለው ሰው ከራሱ እጅ ሳይበላ ይጠግባል። ከባሕር ማዶ የመጣው ሥርዓት ለባለልደቱ የሰጠው የሻማውን ማጥፋት ነበር፤ አገሬው የጨመረለት ይህን ነው። ኬኩ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ «መልካም ልደት» በታወቀው ዜማ ይዘመራል፤ የሌላ ገበታ ሰዎችም ያጨበጭባሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው በመካከላቸው ካለ ግን «እንኳን አደረሰህ» ይላል እንጂ «መልካም ልደት» አይልም፤ ከኬኩ በፊትም «ዕድሜና ጤና ይስጥህ፥ ከዓመት ዓመት ያድርስህ» ብሎ እንዲመርቅ ዕድል ይሰጠዋል። ስንት ሻማ እንደሚበራ ደግሞ ስለ ሴቶች ልደት ዘወትር የሚያስቅ ክርክር ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሻማ ብቻ በማብራት ይታለፋል።

ከራቱ በኋላ ያለው ክፍል ማምሸት ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ሰዓት እላፊ ስለነበረ፥ ማምሸት ማለት በሆቴል ወይም በወዳጅ ቤት ገብቶ እስኪነጋ ድረስ እዚያው መቈየት ነበር፤ ዋልያስ ባንድ በሒልተን፥ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል ይጫወቱ የነበሩት በእነዚያ ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ በካዛንችስ ያሉት አዝማሪ ቤቶች የምሽት ሰዎች መሰብሰቢያ ሆነው ኖሩ፤ የሰፈሩ አብዛኛው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ አዝማሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተበተኑ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ወደ ገበታው ሲቀርብ አንዱ ወዳጅ የባለልደቱን ስምና ሥራ በጆሮው ይነግረዋል። አዝማሪውም ወዲያው በስሙ ገጥሞ ያወድሰዋል፤ ጥቂትም ይሸነቍጠዋል። ከእንግዶቹ መካከል ቃል የሚያውቅ ካለ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፥ አዝማሪውም እየተቀበለ ያዜመዋል። ሽልማቱ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። እዚህ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከመዋጮው አይቈጠርም፤ ሁሉም ከኪሱ በሰው ፊት ያወጣዋል፤ በመሆኑም ራቱን በጥንቃቄ ያቀደ ቡድን በአዝማሪው ፊት ዕቅዱ ይፈርስበታል። በዳንስ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ውስኪ በጠርሙስ «ማውረድ» የተባለው ልማድ የአንድ ሰው ድንገተኛ ኵራት የሌሎቹ ሁሉ ዕዳ እንዲሆን ያደርጋል።

የሒሳቡ ነገር ሲመጣ ሦስት ዓይነት አከፋፈል ይታያል። በመጀመሪያው ባለልደቱ ይከፍላል፤ ይህ የደጋሹ ሥርዓት ነው፥ እንግዶቹም ስጦታ ይዘው ይመጣሉ። በሁለተኛው ወዳጆቹ አዋጥተው ይከፍላሉ፥ ባለልደቱ ነጻ ይሆናል። በሦስተኛው ከሁሉ የተሻለ ገቢ ያለው ወይም ታላቅ የሆነው አንድ ሰው ሁሉንም ይጠቀልለዋል። ከነዚህ አንዱ አስቀድሞ ተነግሮ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ነገር ግን ስለ ገንዘብ አስቀድሞ መናገር ከወዳጅነት የሚያንስ ስለሚመስል፥ ብዙ ጊዜ ሁሉም በልቡ የየራሱን ሥርዓት ይዞ ይቀመጣል።

አስተናጋጁ ሒሳቡን ሲያመጣ እጆች ሁሉ ይዘረጋሉ። «ተዉ እኔ ነኝ የምከፍለው» ይላል ባለልደቱ፤ «በልደትህ ቀን አንተ ብትከፍል ማን ይስቅብናል?» ይላሉ ወዳጆቹ። አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ ሌላው ገንዘቡን በአስተናጋጁ ኪስ ለመክተት ይሞክራል። ይህ ክርክር ከንቱ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። አለመከራከር ለመብላት ብቻ የመጣ ያሰኛል፤ አብዝቶ መከራከርም የባለልደቱን ክብር መንጠቅ ነው። የሁሉ ብልህ ግን ራቱ ሳያልቅ «እጄን ታጥቤ ልምጣ» ብሎ ተነሥቶ፥ ከገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ ደርሶ፥ ሁሉን ከፍሎ የሚመለሰው ነው። አስተናጋጁ «ተከፍሏል» ሲል ሁሉም ይቈጣል፥ ሁሉም ይደሰታል፥ ሁሉም ልብ ይለዋል። ያ ሰው በሚቀጥለው ልደት እንዳይከፍል ይጠበቃል፤ ይህም ያልተጻፈ መዝገብ ነው። በደረሰኙ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፥ በትልልቆቹ ሆቴሎችም 10 በመቶ የአገልግሎት ዋጋ ሲጨመር፥ በልቡ አስልቶ የመጣው ሰው ስሌት ይሰናከላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ለአስተናጋጁ የሚተወው ገንዘብ ስሙ «ጉርሻ» ነው። አማርኛ ወዳጅን የሚያጎርሱበትንና ላገለገለ ሰው የሚተዉትን በአንድ ቃል መጥራቱ፥ ክፍያ እንኳ ማጉረስ እንዲመስል የሚፈልግ ሕዝብ ቋንቋ መሆኑን ያሳያል።

በገበታው ዙሪያ የማይታየውን ሰው ነገር መርምሮ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል የተማሩ ጓደኞች ከዐሥር ዓመት በኋላ እኩል ገቢ አይኖራቸውም። አንዱ በባንክ፥ አንዱ በውጭ ድርጅት፥ አንዱ በመምህርነት ይሠራል፤ አንዱም ሥራ የለውም። መዋጮው ለሁሉ እኩል ሲደረግ ፍትሕ ይመስላል፤ ለመምህሩ ግን የአንድ ምሽት ራት የወሩ አስቤዛ ክፍል ነው። እርሱም «አመመኝ» ይላል፥ ወይም «ለቅሶ አለብኝ» ብሎ ይቀራል። ይህ ምክንያት አንድ ጊዜ ይታመናል፤ ሦስተኛ ጊዜ ግን ማንም ሳይጠይቀው ስሙ ከስብስቡ ውስጥ ይረሳል። ከሁሉ የሚከብደው የራሱ ልደት ሲደርስ ነው፤ ያላዋጣ ሰው ሊዋጣለት አይፈልግምና ቀኑን ይደብቃል። ብዙዎች «እኔ ልደት አላከብርም» ሲሉ የሚሰማው ቃል በእውነት የሃይማኖት ወይም የጠባይ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የኪስ ቃል ነው። በልደት ራት ምክንያት ወዳጅነት ሲፈርስ በጭቅጭቅ አይደለም፤ እንዲህ በዝምታ ነው።

ይህን የተረዱ ቡድኖች ማኅበሩ ያወቀውን ልክ ከሌላ መንገድ ፈልገው አግኝተዋል። አንዳንዶቹ እንደ ዕቍብ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ ልደት ሲደርስ ከዚያ ይወጣል፥ በዕለቱ ማንም ከኪሱ አያወጣም። አንዳንዶቹ ራቱን በቤት አድርገው መጠጡን ብቻ ከውጭ ያመጣሉ። በብዙዎቹ መካከል ደግሞ አንድ ዝምተኛ ወዳጅ ይገኛል፤ ገንዘብ ያዡን ለብቻው ጠርቶ «የእሱን ድርሻ እኔ ሸፍኛለሁ፥ እንዳትነግረው» ይላል። የተሸፈነለት ሰው ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ የሚያውቅ መሆኑንም ይደብቃል። ቀድሞ ከሴቶች ጋር በሚደረግ ግብዣ ወንዶች ብቻ ይከፍሉ የነበረው ልማድም እየቀረ ሄዷል፤ በሥራ ላይ ያሉ ሴቶች የራሳቸውን የልደት ራት በራሳቸው መዋጮ ያደርጋሉ፥ በሒሳቡም ላይ የሚያደርጉት ክርክር ከወንዶቹ አያንስም።

በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ አገር አስተናጋጁ ሒሳቡን በየሰዉ ለይቶ ማምጣቱ የተለመደ ነው፤ ሆኖም በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት በአንድ ትሪ የበሉ ወዳጆች ለየብቻ መክፈልን እንደ መለያየት ያዩታል። የቀኑም ነገር ያከራክራል። በስደት ገብተው የተወለዱበት ቀን ያልታወቀላቸው ብዙ ሰዎች በመዝገብ የተጻፈላቸው ልደት ጃንዋሪ 1 ቀን ስለሆነ፥ በወረቀቱ ቢሄዱ የአንድ ቡድን ሰዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ተወለዱ ሊባል ነው፤ ስለዚህ እናታቸው የነገረቻቸውን የበዓል ቀን ይዘው ያከብራሉ። በኢትዮጵያ ቀን የሚያከብሩም ጳጉሜን 6 በሆነች ጊዜ ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ የፈረንጁ ቀን በአንድ እንደሚገፋ ማስታወስ አለባቸው፤ ያላስታወሰ ወዳጅ በስልክ «መልካም ልደት» የሚለው በዋዜማው ይሆናል።

በጽዋ ማኅበር መጨረሻ ላይ ቀጣዩ ባለተራ ጽዋውን ተረክቦ አባሎቹ አጅበውት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በልደት ራት ላይ የሚረከቡት ጽዋ የለም። ነገር ግን እኩለ ሌሊት አልፎ፥ በምግብ ቤቱ ወይም በአዝማሪው ደጃፍ ላይ ቆመው መኪና ሲጠብቁ፥ የተረፈውን ኬክ በካርቶን የያዘው ሰው «ቀጣዩ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወራቱ በጣት ይቈጠራሉ፤ አንዱ «የኔ በጾም ነው የሚውለው» ብሎ ለማምለጥ ይሞክራል፤ የጾም ኬክ መኖሩ ይነገረዋል፤ ካርቶኑም በእጁ ይሰጠዋል።